አሥራ አንድ ቀን

ጥቅምት ነው በፖርቶ፤ ወንዙ ጉም ለብሷል፣
የጠበቆቹ ቤት ሊፍቱ ተበላሽቷል።
አራት ፎቅ በእግሬ፣ ላፕቶፔን ታቅፌ፣
በሩን አንኳኳሁት ግድግዳ ተደግፌ።

«አሠራሩን አቅኚ» ብለው ነው የቀጠሩኝ፤
ስድስት ወር፣ ቁራሽ በጀት፣ አንድ ባዶ ግድግዳ ሰጡኝ።
ዶክተር ኤቫሪስቱ፣ የቤቱ ባለቤት፣ መነጽሩን እፍ እያለ፣
«እዚህ የገባ ፋይል በየት በኩል እንደሚወጣ
ሠላሳ ዓመቴ፣ እኔም አላውቅ፤ ካገኘሽው ንገሪኝ» አለ።

ጀመርኩ። ቢጫ ወረቀት፣ ሰማያዊ፣ ሮዝ፤
ግድግዳው እንደ ዶሮ አበቀለ ላባ።
ማን ይጽፋል፣ ማን ያያል፣ ማኅተሙ ማን ጋ ነው፣
ፋይሉ በየት ወጣ፣ በየት በኩል ገባ።

አንዱ ደብዳቤ ሦስት ጊዜ ይፈረማል፤
አንዱ ለሕግ፣ አንዱ ለልማድ፣
ሦስተኛው ለዶክተር ኦርላንዱ፣
ከሞቱ ሰባት ዓመት ላለፋቸው።
መሥመሩ አሁንም አለ፤ ስማቸውን ሊሰርዝ የደፈረ የለም።

ኮፒ ማሽኑ ምድር ቤት ነው።
ተላላኪው ዜፌሪኑ ሲወጣ ሲወርድ
በቀን ሰባት መቶ እርከን ቆጠርኩበት።
«ተዪኝ፣ ለልብ ጥሩ ነው» አለኝ፣
ጉልበቱን እያሸ።

ይህ ሁሉ ቀላል ነበር፤ በአንድ ቀስት የሚቃና።
ቀስቶቼ ግን ዞረው ዞረው
አንድ መሳቢያ ጋ ሲደርሱ ቆሙ።
አሥራ አንድ ቀን።
አይነበብ፣ አይጻፍበት፣ አይፈረም፣
አሥራ አንድ ቀን ዝም።

የዶና ግራሲዬቴ መሳቢያ።
ፀጉሯ አጭር፣ ጫማዋ ላስቲክ፣ ጡረታዋ ደጅ የቆመ፤
ጠዋት የመጣላትን ፋይል በመዳፏ ዳበስ አድርጋ
ቁልፍ ታዞርበታለች።
ሰንጠረዡ ላይ በቀይ ጻፍኩ፦ «ብክነት»።
የሥልጠናው ቃል ነው፤ እኔ አልፈጠርኩትም።

አንድ ዓርብ ሁሉም ሲወጣ፣ ዝናብ መስኮቱን ሲደበድብ፣
ወንበር ስቤ ከጎኗ ተቀመጥኩ።
«ለምን?»
ቁልፉን ካንገቷ አወለቀች። ከፈተችው።
የቤት ማስለቀቂያ። የቤት ማስለቀቂያ። የቤት ማስለቀቂያ።
ከሳሹ ኩባንያ፣ ተከሳሹ አዛውንት፤
ሆቴል ሊሆን የታጨ ሁሉ ሰገነት።

«ወረቀት እዚህ ሲያድር፣ ሰው እቤቱ ያድራል፤
አንዷ ልጇን ታገኛለች፣ የጠፋው ስልክ ይጠራል፤
አንዱ የረሳውን ውል ከፍራሽ ሥር ያወጣል፤
አንዱም፣ ምን ታደርጊዋለሽ፣ በገዛ አልጋው ይሞታል።
ቀነ ገደቡ ሃያ ነው፤ ከሃያው አላለፍኩም።
ሕግ አልጣስኩም፣ ልጄ። እኔ ብቻ አልቸኮልኩም።»

እጄን ሰድጄ የመጨረሻውን አነሳሁ፣
ከመሳቢያው ወለል ተጣብቆ የከረመውን።
ማስለቀቂያ አልነበረም።
የአልዚራ፣ የዓሣ ሻጯ፣
ሁለት ጣቷን ማሽን የወሰደባት፤
የካሳ ጥያቄዋ፣ ሦስት ሳምንት ተረስቶ።
ዶና ግራሲዬቴ አፏን በእጇ ያዘች።
ከዚያ በኋላ የተናገረው ዝናቡ ብቻ ነው።

እዚህ ላይ ጀግና ብሆን ደስ ባለኝ።
ደመወዜ ሰኞ ይገባ ነበር።
የካሳውን ለብቻ መሥመር አወጣሁ፣ በማግስቱ እንዲሄድ፤
ለማስለቀቂያው አንድ ሳጥን ሣልኩ፣
«ማጣራት፣ አምስት ቀን» ብዬ ጻፍኩበት።

በስብሰባው ዶክተር ኤቫሪስቱ ሳጥኑን አዩት፣ አዩት።
«ምንድን ነው የሚጣራው?»
ዶና ግራሲዬቴ ከበሩ አጠገብ የስቴፕለሩን ሽቦ ትሞላለች፤
ቀና አላለችም።
«ሰው» አልኩ፣ «አድራሻው ላይ መኖሩ።»
መነጽራቸውን ጠረጉ። «ፊርማ ይፈልጋል?»
«አይፈልግም።»
«እንግዲያው ይሁን» ብለው ፈረሙ፤
በችኮላ፣ በዶክተር ኦርላንዱ መሥመር ላይ።

ከአሥራ አንዱ ስድስት ቀን ቆረጥኩ።
ሪፖርቱ «ስኬት» ይላል፣ በአረንጓዴ።
በነዚያ ስድስት ቀናት ማን ከየትኛው ቤት እንደወጣ
በምን ቀለም እንደሚጻፍ አልተማርኩም።

ሊፍቱ እስካሁን አልተሠራም።